መጋረጃና መሮ

በሰሜን ጣሊያን፣ ራቬና ከተማ፣ ሳንት አፖሊናሬ ኑዎቮ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የአንድ ቤተ መንግሥት ምስል ይታያል። ምስሉ የቀለም ቅብ አይደለም፤ ጥቃቅን የብርጭቆና የድንጋይ ጠጠሮች ተገጣጥመው ያስገኙት ሞዛይክ ነው። በአምዶቹ መካከል ነጫጭ መጋረጃዎች ተንጠልጥለዋል፤ ሰው ግን አይታይም። ጠጋ ብሎ ያስተዋለ ሰው ግን በአምዶቹ ላይ ተለጥፈው የቀሩ ጥቂት እጆች ያገኛል። እጆቹ አሉ፤ ባለቤቶቻቸው የሉም።

ቤተ ክርስቲያኑን በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠራው የጎቶች ንጉሥ ቴዎዶሪክ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቴዎዶሪክ አርዮሳዊ፣ ማለትም የኒቅያን ሃይማኖት የማይቀበል፣ ነበር። የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት የዮስጢንያኖስ ጦር ራቬናን በ540 ከያዘ በኋላ፣ በ561 ገደማ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የኒቅያን ሃይማኖት ለሚከተለው ወገን ተሰጠ። ጳጳሱ አግኔሉስም የንጉሡንና የመኳንንቱን ምስል ከግድግዳው አስነቅሎ በቦታው መጋረጃ አሠራ። የጨርቅ መጋረጃ አልነበረም፤ እሱም ራሱ ሞዛይክ ነው። ከሥሩ ማን ቆሞ እንደነበር ዛሬ ማንም ገልጦ ሊያይ አይችልም።

በሐምሌ ወር 2020 የቱርክ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት የ1934ቱን የሙዚየምነት ውሳኔ ሽሮ በኢስታንቡል፣ በጥንቷ ቁስጥንጥንያ፣ የምትገኘው ሐጊያ ሶፊያ ወደ መስጊድነት ስትመለስ፣ በቅድስት ማርያምና በሕፃኑ የሞዛይክ ምስል ፊት ሌላ መጋረጃ ተሰቀለ። ዓለምም ወዲያው በሁለት ጎራ ተከፈለ። አንዱ «ቅርስ ተደፈረ» አለ፤ ሌላው «መብታችን ተመለሰ» አለ። ዩኔስኮ ሳይመከርበት በመወሰኑ ማዘኑን ገለጸ። ሁለቱም ጎራዎች ግን ዓይናቸውን የጣሉት በመጋረጃው ላይ ነው። የባይዛንታይን (የቁስጥንጥንያው መንግሥት) ሞዛይክ የአሥራ አምስት መቶ ዓመት ታሪክ በደንብ ሲነበብ ግን መጋረጃው ከአደጋዎቹ ሁሉ ትንሹ ሆኖ ይገኛል። መጠየቅ ያለበት «ማን ሸፈነው?» ተብሎ ሳይሆን «የተደረገውን መመለስ ይቻላል ወይ?» ተብሎ ነው።

ይህን ለመረዳት ሞዛይክ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይበጃል። ባለሙያው ግድግዳውን በኖራ ደራርቦ ይለስናል። ጠጠሮቹን በጣቱ እየተጫነ የሚተክለው የመጨረሻው ልስን ሳይደርቅ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ቀን የሚለስነው በዚያው ቀን የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ነው። የወርቁ ጠጠር የሚሠራው እጅግ የሳሳ ወርቅ በብርጭቆ ላይ ተነጥፎ፣ ከላይ ደግሞ ሌላ ስስ ብርጭቆ እንዲሸፍነው ተደርጎ ነው። ጠጠሮቹ እንደ መስታወት ልሙጥ ሆነው አይደረደሩም። አንዱ ወጣ፣ ሌላው ገባ፣ ሌላው ደግሞ ቁልቁል ዘንበል ይላል። የመቅረዝ ነበልባል በተወዛወዘ ቁጥር ግድግዳው በሙሉ አብሮ ይንቀሳቀሳል። በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቀው ሰው ከሥራው ግማሹን አላየም ማለት ይቻላል።

ከአሠራሩ ሁለት ነገር ይከተላል። ቀለሙ በብርጭቆው ውስጥ ያለ ስለሆነ አይደበዝዝም፤ በኖራ ተለስኖ ለመቶ ዓመታት ቢቆይ እንኳ ሲገለጥ ያው ነው። የያዘው ልስን ግን ደካማ ነው። ውኃ ከሰረገበት፣ ጨው ካበጠበት፣ መሬት ከተንቀጠቀጠ ወይም ሰው መሮ ካሳረፈበት ጠጠሩ ይረግፋል። የረገፈ ጠጠር ደግሞ የየትኛው ፊት፣ የየትኛው ዓይን እንደነበር የሚናገር የለም።

የሐጊያ ሶፊያ ሕንፃም ቢሆን በአንድ ወገን ጥረት ብቻ የቆመ አይደለም። በ532 «ኒቃ» በሚባለው የቁስጥንጥንያ ሁከት የቀድሞው ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል፣ ዮስጢንያኖስ አዲሱን እንዲያንጹ የጠራቸው የትራሌሱን አንቴሚዎስንና የሚሊጢኑን ኢሲዶሮስን ነው፤ ሁለቱም የጂኦሜትሪ ሊቃውንት ነበሩ። ሥራው አምስት ዓመት ያህል ፈጅቶ በታኅሣሥ ወር 537 ተመረቀ። 31 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ጉልላት በአራት ማዕዘን መሠረት ላይ እንዴት ይቀመጣል? መልሳቸው በአራቱ ማዕዘን ወደ ውስጥ እየጎበጡ የሚወጡ ባለ ሦስት ማዕዘን ግድግዳዎች ነበሩ። ክብደቱ በእነሱ በኩል ወደ አራቱ ግዙፍ ምሰሶዎች ይወርዳል። ከጉልላቱ ሥር 40 መስኮቶች ዙሪያውን ተከፈቱ፤ ብርሃኑ ሲገባ ጉልላቱ ከግድግዳው የተለየ መስሎ ይታያል።

ድፍረቱ ዋጋ አስከፍሏል። የመጀመሪያው ጉልላት እጅግ ዝቅ ያለ ስለነበር ግድግዳዎቹን ወደ ውጭ ገፋቸው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደጋገምበት በ558 ወደቀ። ታናሹ ኢሲዶሮስ ከፍ አድርጎ ሠራውና በ562 እንደገና ተመረቀ። በ989 ደግሞ አንድ ክፍሉ ፈረሰ፤ ያደሰው አርመናዊው መሐንዲስ ትርዳት ነው። በ1346 እንደገና ተጎዳ። ከተማይቱ በ1453 በኦቶማኖች እጅ ከገባች በኋላ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ታላቁ የኦቶማን መሐንዲስ ሲናን ግድግዳዎቹን በድጋፍ አጠናከረ። ግሪካዊው፣ አርመኑና ኦቶማኑ ትከሻ ባይሰጡት ኖሮ ዛሬ የሚከራከሩበት ሕንፃ አይኖርም ነበር። «የእኛ ብቻ ነው» የሚለው አነጋገር ከሕንፃው ታሪክ ጋር አይስማማም።

ምስል የማጥፋቱም ታሪክ እንዲሁ ለአንድ ሃይማኖት ብቻ የሚሰጥ አይደለም። በ8ኛውና በ9ኛው ክፍለ ዘመን በቅዱሳት ሥዕላት ላይ ዘመቻ የከፈቱት ክርስቲያን ነገሥታት ነበሩ፤ ዘመቻው መካከል ላይ ቢቋረጥም በመጨረሻ የቆመው በ843 ነው። በሐጊያ ሶፊያ አንድ ክፍል የቅዱሳን ምስል ተነቅሎ በምትኩ መስቀል ተተክሏል። ጎረቤቷ በሆነችው ሐጊያ ኢሪኒ በመቅደሱ ግማሽ ጉልላት ላይ ዛሬም የሚታየው ባዶ የወርቅ መደብና አንድ ትልቅ መስቀል ነው። ዛሬ በመጋረጃ የተሸፈነው የድንግል ማርያም ምስል በ867 የተመረቀው ከዚያ ሁሉ ጥፋት በኋላ ነው፤ በምርቃቱ ዕለት የሰበከውም ፓትርያርክ ፎጢዮስ ነበር።

መሮ የሚነሳው ለሃይማኖት ብቻም አይደለም። በሐጊያ ሶፊያ ላይኛው ሰገነት ንግሥት ዞዪ ከባሏ ከቆስጠንጢኖስ 9ኛ ጋር ክርስቶስን ከመካከል አድርገው ቆመዋል። የንጉሡ ራስና ስሙ የተጻፈበት ቦታ ግን ተነቅሎ እንደገና የተሠራ ነው። ዞዪ ሦስት ጊዜ አግብታለች፤ ቆስጠንጢኖስ ሦስተኛው ነው። ከእሱ በፊት በዚያ ቦታ የቆመው ከቀድሞ ባሎቿ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ሥልጣን ተለወጠ፤ ፊትም ተለወጠ።

ከ1453 በኋላ የሆነው ከዚህ ይለያል። ኦቶማኖች ሕንፃውን መስጊድ አደረጉት እንጂ ሞዛይኮቹን በአንድ ጊዜ አላጠፏቸውም። ብዙዎቹ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ቀስ በቀስ፣ በየተራ ነው በኖራ የተለሰኑት። በ1847 ሱልጣን አብዱልመጂድ ለጥገና የቀጠራቸው የስዊዘርላንዶቹ ወንድማማቾች ጋስፓሬና ጁሴፔ ፎሳቲ ልስኑን ሲያነሱ ምስሎቹን አገኙ። ሱልጣኑ አይቶ፣ እነሱም በሥዕል መዝግበው፣ መልሰው ሸፈኗቸው። ቶማስ ዊትሞር የተባለው አሜሪካዊ በ1931 በአታቱርክ መንግሥት ፈቃድ ሥራ ሲጀምር የገለጠው ያንኑ ነው። ክርስቶስን ከእመቤታችንና ከመጥምቁ ዮሐንስ ጋር የሚያሳየው፣ ዛሬ ከዓለም ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ተብሎ የሚቆጠረው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሞዛይክ፣ ለእኛ ዘመን የደረሰው በዚያ ልስን ሥር ስለቆየ ነው። ፎሳቲዎች አይተው ከሣሏቸው መካከል ግን ዛሬ በወረቀት እንጂ በግድግዳ ላይ የማይገኙ አሉ።

ተመሳሳይ ነገር በቤተ ልሔም ደርሷል። ለልደት በዓል ወደዚያ የሚጓዙ ኢትዮጵያውያን ምእመናን የሚሳለሙት ጥንታዊው የልደት ቤተ ክርስቲያን በ2012 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ የገባው ጣሪያው ስለሚያፈስ ነበር። በግድግዳው ላይ ያሉት የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሞዛይኮች የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ማኑኤልና የኢየሩሳሌሙ የመስቀል ጦረኞች ንጉሥ አማልሪክ በአንድነት ያሠሯቸው ናቸው። ጣሪያው ከታደሰ በኋላ ባለሙያዎች ግድግዳውን ሙቀት በሚለይ ካሜራ ሲመረምሩ፣ በ2016 ከልስን ሥር ሰባተኛ መልአክ አገኙ። ቀደም ሲል የሚታወቁት ስድስት ብቻ ነበሩ። በ2019 ቤተ ክርስቲያኑ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። እዚያ መልአኩን አደጋ ላይ የጣለው የሸፈነው ኖራ ሳይሆን ለዓመታት የፈሰሰው የዝናብ ውኃ ነበር።

መሮው ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚከተል ለማየት ደግሞ ቆጵሮስን ማየት ይበቃል። በደሴቲቱ ሰሜን ያለው የካናካሪያ ቤተ ክርስቲያን የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሞዛይክ የነገሥታቱን የጸረ ሥዕል ዘመቻ እንኳ ካለፉት ጥቂቶች አንዱ ነበር። ከ1974ቱ ጦርነት በኋላ ግን ዘራፊዎች ቆራርጠው አወረዱት። በ1988 አራት ቁራጮች ለአንዲት የአሜሪካ ነጋዴ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጡ። የቆጵሮስ ቤተ ክርስቲያን በኢንዲያናፖሊስ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከስሳ በ1989 ረታች። የቅዱስ ማርቆስ ምስል የተገኘው በ2018 ሞናኮ ውስጥ ነው። ፍርድ ቤት ቁራጩን ያስመልሳል፤ ተቆራርጦ የረገፈውን ግን ወደ ጥንት ቦታው የሚመልስ ብይን የለም።

ከቀይ ባሕር ማዶም የአክሱምን ታሪክ የሚነካ ምሳሌ አለ። ከአክሱም ጦር ጋር ወደ ደቡብ ዐረቢያ ተሻግሮ በኋላ የዚያ አገር ገዥ የሆነው አብርሃ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ሰንዓ ላይ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ ነበር። የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት እብነ በረዱና ሞዛይኩ የተገኘው ከሮም ቄሳር፣ ማለትም ከቁስጥንጥንያ ነው። ያ ሕንፃ ወደ ሌላ አገልግሎት አልተዛወረም፤ በኖራም አልተሸፈነም፤ በአባሲዶች ዘመን ፈረሰ እንጂ። ሐጊያ ሶፊያን በሚመለከት ሰዎች በማን ስም እንደምትጠራ ይከራከራሉ። ስለ አብርሃ ቤተ ክርስቲያን ግን የሚከራከሩት ምን ትመስል እንደነበር ነው።

ይህ ማለት የ2020ው ውሳኔ ትክክል ነበር ማለት አይደለም። ሐጊያ ሶፊያ ሙዚየም መሆኗ ለሁሉም በር የከፈተ፣ ለምርምርም የተመቸ ነበር፤ ዓለም አቀፍ ቅርስ ሳይመከርበት መለወጡ ተገቢ አልነበረም። በዚያው ከተማ፣ በ2024 ሶላት የተጀመረበት የኮራ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይም እንዲሁ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቴዎዶር ሜቶኪቴስ ያሠራቸው ሞዛይኮች ከባይዛንታይን መጨረሻ ዘመን ሥራዎች ሁሉ የሚልቁ ናቸው፤ ተመራማሪ እንደ ልቡ ሊያያቸው ይገባል። ነገር ግን መጋረጃ በገመድ ይሳባል፤ አዋጅም በአዋጅ ይሻራል። በ2022 በሐጊያ ሶፊያ የንጉሠ ነገሥቱ በር በሚባለው ጥንታዊ የእንጨት በር ላይ የደረሰው ጉዳት ግን በአዋጅ አይሻርም። የበሩ ጉዳት ስንት ጋዜጣ ላይ የፊት ገጽ ሆነ? የመጋረጃውስ?

ስለዚህ ለቅርሱ የሚቆረቆር ሰው ጩኸቱን ወደሚመዘን ነገር ቢያዞረው ይሻላል። በቀን ስንት ሰው ይገባል? እስትንፋሱ የሚያመጣው እርጥበት በላይኛው ሰገነት ይለካል ወይ? በ2024 መጀመሪያ በውጭ ጎብኚዎች ላይ ከተጣለው የ25 ዩሮ የመግቢያ ክፍያ ምን ያህሉ ለጥገና ይውላል? በ2025 የተጀመረው የታላቁ ጉልላት ጥገና ከመጀመሩ በፊት የነበረው ሁኔታ በፎቶግራፍና በልኬት ተመዝግቦ ለባለሙያዎች ሁሉ ክፍት ሆኗል ወይ? ከቱርክ ውጭ ያሉ መሐንዲሶችስ ገብተው እንዲመረምሩ ይፈቀዳል? እነዚህን ጥያቄዎች ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ሊጠይቃቸው ይችላል፤ ለመጠየቅም ማንም ከእምነቱ አንዲት ነገር መተው አያስፈልገውም።

ጥያቄው ለሀገር ቤትም ይሠራል። በየገዳማቱና በየአድባራቱ የሰበካ ጉባኤ «አርጅቷል» ብሎ ጥንታዊውን የግድግዳ ሥዕል ለማደስ ሲወስን፣ ቀለም ከመገዛቱ በፊት አንድ ነገር ይጠየቅ። የሚቀባው ነገር ነገ አሮጌውን ሳይጎዳ ሊነሳ ይችላል ወይስ አይችልም? ካልቻለ ሥራው ይቁም፤ መጀመሪያ ፎቶ ይነሳ፤ ባለሙያ ይጠራ፤ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነም ከሥዕሉ በፊት ጣሪያው ይጠገን።