ቶክኑን ያመጣው ማን ነው?

የንግድ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ቼክ በስሙ ለተጠቀሰ ሰው ወይም ለአምጪው እንዲከፈል ሆኖ ይጻፋል። ለአምጪው በተጻፈው ላይ የሒሳቡ ባለቤት ፊርማና የገንዘቡ ልክ ይታያል፤ ወረቀቱን ይዞ የቀረበው ማን እንደ ሆነ ግን ከቼኩ ላይ አይነበብም።

ዛሬ በሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ የሚገኙ ሱቆችና የአስመጪ ቢሮዎች ክፍያ ለመቀበል በኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲገለገሉ፥ ፕሮግራሙ የሚያቀርበው ቶክን ጠባዩ ይህንኑ ይመስላል። ፕሮግራሙ አስቀድሞ ምስጢራዊ ቁልፉን አሳይቶ ለጥቂት ጊዜ የሚያገለግል ቶክን ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ በየጥያቄው ያንኑ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 የወጣው የኢንተርኔት ደንብም ይህን ዓይነቱን ቶክን «የያዥ» ብሎ ሰይሞታል፤ በእጁ የያዘው ሁሉ ይሰማለታልና።

እንግዲህ ፈቃዱ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ፈቃዱን ይዞ የጠራው የትኛው ፕሮግራም ነው? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በብዙ ቤት ይዘነጋል።

አንድ አስመጪ የሱቅ መሸጫ፥ የሒሳብ መዝገብና የሽያጭ ሠራተኞች በስልካቸው የሚይዙት ፕሮግራም አለው እንበል፤ ሦስቱም በአንድ ቁልፍ ይሠራሉ። ለገዢ በተመለሰ ገንዘብ ክርክር ሲነሣ፥ መዝገቡ የሚያሳየው የነጋዴውን ስም ብቻ ነው። ከስልኮቹ አንዱ ቢጠፋ ቁልፉን መሻር ግድ ይሆናል፤ ቁልፉ ሲሻር ግን ሱቁም የሒሳብ ክፍሉም አብረው ሥራ ይፈታሉ። ይህ በበዓል ዋዜማ ቢደርስ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚሆን ለባለሱቅ መንገር አያሻም። (በስልክ ፕሮግራም ውስጥ የተቀበረ ቁልፍማ፥ ፈልቅቆ የሚያወጣው ባለሙያ ስለማይታጣ፥ ከመጀመሪያውም ምስጢር አይባልም።)

አንዳንድ ፕሮግራም ሠሪዎች ጠሪው ስሙን ራሱ በጥያቄው ራስጌ ላይ እንዲጽፍ በማድረግ ነገሩን ያቃለሉ ይመስላቸዋል። ዳሩ ግን «የእገሌ መልእክተኛ ነኝ» ስላለ ብቻ ከመጋዘን ዕቃ የሚሰጠው ሰው የለም። የጠሪው ስም መነበብ የሚገባው ቶክኑን የሰጠው ክፍል ፈርሞ ካጸናው ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የወጣው ደንብ፥ እርሱን ተከትሎ በሚሠራ ፊርማ ባለው ቶክን ውስጥ የጠሪው ፕሮግራም መለያ እንዲገኝ ያስገድዳል። ቶክኑ ለተቀባዩ የማይነበብ ዓይነት ሲሆን ደግሞ፥ ሰጪውን መጠየቂያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ተደንግጓል። ሌሊት ማንም ሰው ሳያዝዘው በራሱ የሚሠራ ፕሮግራምም በራሱ መለያ መታወቅ አለበት እንጂ በባለቤቱ ስም መመዝገብ የለበትም።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ለነጋዴው የነጋዴ ኮድ፥ ለፕሮግራሙ ደግሞ የራሱን መለያና ምስጢራዊ ቁልፍ ይሰጣል። የነጋዴውና የፕሮግራሙ መለያ ተለይተው መሰጠታቸው መልካም ነው፤ አንዱን ቁልፍ ለሦስት ፕሮግራም ገልብጦ ማደል ግን ይህን ልዩነት ከንቱ ያደርገዋል።

ለአነስተኛ ሱቅ አንድ ቁልፍ ይበቃል የሚሉ አይጠፉም። አንድ ፕሮግራም ብቻ ላለው በእርግጥ ይበቃል። ሁለተኛ ፕሮግራም የሚያስገባ ነጋዴ ግን ከሠሪው ጋር ውል ሲዋዋል፥ ለየፕሮግራሙ የተለየ መለያ እንዲሰጥ፥ የጠሪውም ስም በየቀኑ መዝገብ ላይ እንዲጻፍ፥ ቁልፉን ያውቅ የነበረ ሠራተኛ ሥራውን በለቀቀበት ቀን ያ ቁልፍ እንዲለወጥ በውሉ ላይ ማስፈር ይገባዋል።