የጉልት እናቶች ጽናትና የነጋዴው ድርሻ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በግንጪ በኩል ወደ አምቦ፣ ከዚያም ወደ ጉደርና ወደ ጌዶ የሚዘልቀው መንገድ የታወቀ የንግድ መንገድ ነው። የአምቦ የማዕድን ውሃ፣ የግንጪ ጤፍ፣ የጀልዱ ድንች፣ ኑጉና ቅቤው በዚሁ መስመር ይተላለፋል። ስለ መስመሩ ንግድ ሲነገር ግን ስማቸው የሚነሣው አስመጪው፣ ላኪው፣ ባለመኪናውና ባለሱቁ ናቸው። በየከተማው ገበያ ጆንያ አንጥፈው የሚቀመጡት የጉልት እናቶች ከነጋዴ ተራ አይቈጠሩም፤ ቢነሡም የሚነሡት በአዘኔታ ነው። ይህ አስተያየት ሊታረም የሚገባው ነው።

የጉልት እናት የአስመጪው ዕቃ የመጨረሻ አድራሽ ናት። ከባሕር ማዶ የመጣው የምግብ ዘይት በጅምላ ነጋዴው መጋዘን በጀሪካን፣ በባለሱቁ ዘንድ በሊትር፣ በእርስዋ መደብ ግን በሲኒ ይሸጣል። አንድ ሊትር ለመግዛት አቅም የሌለው የቀን ሠራተኛ ለዕለት ወጡ የሚሆነውን የሚያገኘው ከእርስዋ ነው። በአንጻሩም ከገጠር የሚመጣውን ቅቤ፣ ዕንቍላልና እህል በጥቂት በጥቂቱ እየሰበሰበች ለከተማው ገበያ የምታቀርበው ይህችው ሴት ናት። ላኪው በኩንታል የሚያስጭነው ኑግም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ በጣሳ የተሰፈረ ነው።

የእነዚህ እናቶች ጽናት በቃል ሲወደስ ይሰማል፤ በሒሳብ ሲመረመር ግን ምን እንደ ሆነ ይበልጥ ይገለጻል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። አስመጪው ጭማሪውን በጅምላ ነጋዴው ላይ፣ ጅምላ ነጋዴውም በባለሱቁ ላይ ማሳለፍ ይችላል፤ የጉልት እናት ግን የምታሳልፍበት የላትም፤ ደንበኛዋ ከእርስዋ የባሰ ድኻ ነውና። ለምሳሌ 2,000 ብር መነሻ ያላት እናት የሊትሩ ዋጋ 200 ብር ሲሆን ዐሥር ሊትር ትገዛለች፤ 250 ብር ሲሆን ስምንት ብቻ። ሱቋን ሳትዘጋ፣ ዕዳ ሳትክድ፣ የንግዷ አንድ አምስተኛ ጠፋ ማለት ነው። ጉድለቱንም የምትሞላው ከራስዋ ምሳ ቀንሳ ነው፤ ከልጆችዋ ደብተር መቀነስን የመጨረሻ ታደርገዋለች። እንግዲህ ጽናት የሚባለው ሌላው የንግድ ክፍል ያራገፈውን ሸክም በዝምታ መሸከም ነው። በዚህ መካከል ልጅ የታመመ እንደ ሆነ፣ ወይም በጸጥታ ችግር መንገድ የተዘጋ እንደ ሆነ፣ መነሻው ገንዘብ ያልቃል፤ እርስዋም ወደ አራጣ አበዳሪ ትሄዳለች።

ለዚህ ነጋዴው ምን ማድረግ ይችላል? ዕቃ በዱቤ መስጠት ይችላል። «ማስያዣ የላትም፤ ቋሚ አድራሻም የላትም» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ነገር ግን ዋስትና የሚባለው ቤትና መኪና ብቻ አይደለም። በዕቁብ አስቀድሞ ዕጣ የወጣላት እናት ገንዘቡን ወስዳ ከጨረሰች በኋላም እስከ መጨረሻው ሳምንት መጣሏን ትቀጥላለች፤ የሚያስገድዳት ቃሏና የዋሷ ዐይን ነው። ይህን የምታደርግ ሴት ለአንድ የገበያ ሳምንት ዘይትና ስኳር ብትታመን የሚያስፈራ ነገር የለም።

የውጭ አገር ልምድም ይህንኑ ያሳያል። በ1976 እ.ኤ.አ. በባንግላዴሽ ሙሐመድ ዩኑስ በጆብራ መንደር ለ42 ድኾች በጠቅላላው 27 ዶላር ያህል ከኪሳቸው አበደሩ፤ ገንዘቡም ተመለሰ። ከዚህ የተነሣው ሥራ በ1983 እ.ኤ.አ. ግራሚን ባንክ ሆነ፤ ከተበዳሪዎቹም እጅግ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። በአገራችንም በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ ሴቶችን ለማገልገል የተነሣ ነው። የኦሮሚያ ብድርና ቍጠባ አክሲዮን ማኅበር ወደ ባንክነት ሲሸጋገር ሲንቄ የሚለውን ስም መውሰዱም ትርጕም አለው፤ ሲንቄ የኦሮሞ እናት ለልጇ በሠርጓ ዕለት የምትሰጣት፣ የሴትን ክብርና መብት የምታመለክት በትር ናትና። ይሁን እንጂ የባንክ ብድር እስኪደርስ ድረስ በየሳምንቱ ከጉልት እናት ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው ባለሱቁ ነው።

ስለዚህ በአምቦ፣ በጉደር፣ በግንጪና በጌዶ የሚገኙ ጅምላ ነጋዴዎችና ባለሱቆች ጥቂት ነገሮችን ቢፈጽሙ መልካም ነው። አንደኛ፣ አምስት አምስት ሆነው እርስ በርሳቸው ለሚዋዋሱ የዕቁብ እናቶች እስከ ቀጣዩ የገበያ ቀን የሚቈይ፣ ልኩ የታወቀ፣ ወለድ የሌለው ዱቤ ይስጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው እንደሚባለው፣ የአንዷ ጉድለት በአምስቱ ሲከፈል ይቀላል። ሁለተኛ፣ ዱቤው በደብተር ተጽፎ አንዱ ቅጂ በእናቲቱ እጅ ይኑር፤ የተከፈለ ዱቤ መዝገብ ነገ በባንክ ፊት ምስክር ይሆናታል። ሦስተኛ፣ መንገድ በሚዘጋበት ሳምንት የመክፈያው ቀን ይራዘም። አራተኛ፣ ሚዛኑ ለትልቁም ለትንሹም ገዢ አንድ ይሁን። የንግድ ምክር ቤቶችም ከከተማ አስተዳደሮች ጋር ተነጋግረው ለጉልት ቦታ ጥላ፣ ውሃና የዕቃ ማደሪያ ቢያሰናዱ፣ በአንድ የክረምት ዝናብ የሚበላሸው ሸቀጥ ይተርፋል።

ይህ ሁሉ ምጽዋት አይደለም። በሲኒ የሚሸጠው ዘይት ካልተሸጠ በጀሪካን የመጣው በመጋዘን ይቀራል። የጉልት እናት መነሻ ገንዘቧ በጠፋ ቍጥር ባለሱቁ አንድ ደንበኛ፣ አስመጪውም አንድ አከፋፋይ ያጣል። ጽናቷን ማድነቅ ወጪ የለውም፤ እርስዋን እንደ ነጋዴ አምኖ ዕቃ ማስረከብ ግን ለሁለቱም ወገን ትርፍ ያለበት ሥራ ነው።