የታደሰ መኪና ኪሎ ሜትሩ ዜሮ ይባል ወይስ ይቆይ?



ሰሞኑን በሰፈራችን ቡና በተጠጣ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሣል። አንድ ጎረቤታችን ከአባቱ የወረሰውን ቮልስ ፈታቶ እንደገና ገጣጥሞ ጨርሷል። ሞተሩ ወርዶ ተሠርቷል፣ ካምቢዮው ተከፍቶ ታይቷል፣ ላሜራው ተበይዶ፣ ስቱኮ ተመቶ፣ ቀለም ተቀብቷል፤ ወንበሮቹም ሳይቀሩ አዲስ ልብስ ለብሰዋል። የቀረው ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ብቻ ነው። «ሁሉ ነገሩ አዲስ ከሆነ ቁጥሩስ ለምን አሮጌ ይሆናል? ዜሮ ይባልና ከእንግዲህ ይቁጠር» የሚሉ አሉ፤ «የለም፣ ይህ ማታለል ነው» የሚሉም አልጠፉም። እኛ በበኩላችን ቁጥሩ ባለበት ይቆይ ከሚሉት ወገን ስንሆን፣ ምክንያታችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ ማቅረቡን መርጠናል።

ጉዳዩ የአንድ ሰው መኪና ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በመሆኑም በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና አሳድሶ መያዝ የብዙ ሰው መላ ሆኗል። እነዚህ መኪኖች ነገ ከነገ ወዲያ ይሸጣሉ። የሚገዛቸው ደግሞ ሁልጊዜ ከሩቅ የመጣ ሰው አይደለም፤ የጎረቤት ልጅ ነው፣ የዕድር አባል ነው፣ በየማለዳው «እንዴት አደርክ» የምንለው ሰው ነው።

ለመሆኑ ቆጣሪው የሚቆጥረው ምኑን ነው? ቮልስን ፈትቶ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ቆጣሪውን የሚያዞረው ሞተሩ አይደለም። ከፊተኛው ግራ ጎማ እምብርት ተነሥቶ እስከ ሾፌሩ ፊት የሚደርስ ቀጭን ገመድ ነው። ጎማው ሲዞር ገመዱ ይዞራል፣ ገመዱ ሲዞር ቁጥሩ ይሄዳል። በሌሎች ብዙ መኪኖች ገመዱ የሚነሣው ከካምቢዮ ነው፤ ነገሩ ግን ያው ነው። የሚቆጠረው መኪናው የሄደው መንገድ ነው። ቁጥሩ የሞተሩ ዕድሜ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ሲታደስ ዜሮ ማለት ባስኬደ ነበር። የተሄደ መንገድ ግን ቀለም ስለተቀባ ያልተሄደ አይሆንም።

«ሙሉ በሙሉ ታድሷል» የሚለውን አነጋገርም እንጠራጠረዋለን። ብዙውን ጊዜ የሚታደሰው የሚታየው ነው። ወለሉ፣ የመሪው ሳጥን፣ የፊት እግሮቹን የያዘው ብረት፣ የፍሬን ዘይት የሚሄድባቸው ቱቦዎች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ እነዚህ ሁሉ ተለውጠዋል የሚል ባለመኪና ስንቱ ነው? ገዢው የሚያብለጨልጭ ቀለምና አምስት ዜሮ ሲያይ ስለ ፍሬን ቱቦ ለመጠየቅ አይነሣም፤ ምን ብሎ? ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ «አዲስ ነኝ» ይለዋላ። በቱቦው ዝገት ምክንያት ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ ቢከዳው ግን የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም፤ መንገድ የሚያቋርጠውም ሕፃን ነው። እኛን ያሳሰበን ይኸኛው ነው እንጂ የዋጋው ነገር ሁለተኛ ነው።

የተቃራኒው ወገን ክርክርም እንዲያው የሚናቅ አይደለም። የድሮው ቮልስ ቆጣሪ አምስት አኃዝ ብቻ ስላለው፣ 99,999 ላይ ሲደርስ ማንም ሳይነካው ራሱ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስለዚህ 40 ሺህ የሚያሳይ መኪና 40 ይሁን 140 ወይስ 240 ሺህ የሄደ ከላዩ አይታወቅም። ገመዱ ተበጥሶበት ዓመታት የተነዳም ሞልቷል። «ታዲያ ውሸታሙን ቁጥር ብንለውጠው ምን ችግር አለው?» ይሉናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ 40 ሺህ የሚልን አሮጌ ቮልስ ያየ ሰው ይጠይቃል፤ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይጠረጥራል። ዜሮ ያየ ሰው ግን መጠየቁን ይተዋል።

ሌላው የሚቀርበው ምክንያት የዘይት ነገር ነው። ሞተር ወርዶ ከተሠራ በኋላ ብዙ መካኒኮች የመጀመሪያውን ዘይት በ500 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስለውጣሉ፤ ዜሮ ከሆነ ለመቁጠር ይቀላል ይባላል። እውነት ነው፣ ይቀላል። ነገር ግን «ሞተር የወረደው በ67,412» ብሎ በወረቀት ጽፎ በሩ ላይ መለጠፍስ ምን ይከብዳል? መቀነስ የሦስተኛ ክፍል ትምህርት ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ዜሮን እንቀበላለን። አሮጌው ቆጣሪ ጨርሶ ተሰብሮ በሌላ ከተተካ፣ ከሌላ መኪና የመጣ የሰው ቁጥር ይዞ ከመሄድ ዜሮ ይሻላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ሕግ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ አዲሱ ቆጣሪ የቀድሞውን ቁጥር ማሳየት ካልቻለ ዜሮ ይደረግ፤ ነገር ግን የቀድሞው ቁጥርና የተለወጠበት ቀን ተጽፎ በግራው በር ፍሬም ላይ ይለጠፍ ይላል። ጀርመኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ቆጣሪ መነካካትን እስከ አንድ ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርገውታል። እኛ ማንም ይታሰር አላልንም። የአሜሪካኖቹን የበር ላይ ወረቀት ግን ወደነዋል፤ ወጪው የአንድ እስክርቢቶ ነው።

ደግሞስ በኮምፒውተር ኪሎ ሜትር የሚቀንሱ ደላሎችን ስንወቅስ እንውላለን አይደል? ቮልሱን በመፍቻ ዜሮ ያለው ሰው ምን ብሎ ይወቅሳቸዋል?

ስለሆነም መኪና የምታሳድሱ ጎረቤቶቻችን ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቆጣሪውን ፎቶግራፍ እንድታነሡ፣ የተለወጠውንም ያልተለወጠውንም ዕቃ ከነቀኑና ከነደረሰኙ በአንድ ደብተር እንድትይዙና ደብተሩን ከሊብሬው ጋር እንድታስቀምጡ እንጠይቃለን። በተለይ ያልተለወጠው አይረሳ። በዚህ ሰሌዳ ላይ የሚሸጥ መኪና ማስታወቂያ የምትለጥፉም የደብተሩን መኖር አብራችሁ ብትጽፉ መልካም ነው። ባለ ቮልሱ ጎረቤታችን እስካሁን አልወሰነም። ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያለው ነዋሪ ጽፎ ቢያመጣ ከዚሁ ጽሑፍ ጎን እንለጥፈዋለን።