የሰጋጆችን አማና ለባዕድ ቆጣሪ አንሰጥም!

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የተከበራችሁ የአዳማ፣ የሞጆ፣ የመቂ፣ የባቱና የሻሸመኔ ጀመዓዎች!

ወጣቶቻችን ለመስጂዶቻችንና ለመድረሳዎቻችን ድረ ገጽ እየሠሩ ነው፤ አላህ ይቀበላቸው። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ዎርድፕረስን ነው። ይህ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ማንም በነፃ የሚወስደው፣ ኮዱንም ከፍቶ የሚመረምረው ነው። ከሱ ጋር ጠብ የለንም። ጠባችን በላዩ ላይ ከሚለጠፉት ጋር ነው፦ ከ«ሼር» ቁልፎች፣ ጎብኚን ከሚከታተለው ጉግል አናሊቲክስ ጋር።

«ሶፍትዌሩ ክፍት ነው፤ ምን ያሰጋል?» ይሉናል። ክፍት የሆነው ዎርድፕረስ ነው። የተለጠፈው ቁልፍ ግን አንባቢ ገጹን በከፈተ ቁጥር ከባለቤቱ ኩባንያ ሰርቨር ይመጣል። ኩባንያው ነገ ቢለውጠው እኛን አያስፈቅድም። አንባቢው ቁልፉን ባይነካው እንኳ የትኛውን ገጽ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ስልክ እንደከፈተ ለኩባንያው ይደርሰዋል። መቂ ያለች እህት ስለ ፍቺ ሑክም ብታነብ፣ ሻሸመኔ ያለ ወንድም ስለ ዕዳው መልስ ቢፈልግ፣ ለኡስታዛቸው ሳይናገሩት ባዕድ አወቀባቸው ማለት ነው።

ይህ ተራ ጥርጣሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪዎች አድዚስ የተባለው የሼር ቁልፍ ከ5 ሺህ በሚበልጡ ድረ ገጾች ላይ የጎብኚዎችን መሣሪያ መለያ አሻራ ሲወስድ አግኝተውታል። ኩባንያው በ2016 ለኦራክል ተሸጠ፤ በ2023 አገልግሎቱ ተዘጋ። ቁልፉን በቅን ኒያ የለጠፉት ባለ ድረ ገጾች በሽያጩ ድምፅ አልነበራቸውም።

ከዚህ የሚብሰው በራሳችን ኡማ ላይ የደረሰው ነው። በኅዳር 2020 (እ.ኤ.አ.) እንደተጋለጠው፣ የሰላት ሰዓትና ቂብላ የሚያሳየው ሙስሊም ፕሮ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ኤክስ-ሞድ ለተባለ ኩባንያ ሲያቀብል ነበር። የኤክስ-ሞድ መረጃ ደግሞ በኮንትራክተሮች በኩል የአሜሪካ ጦር ዘንድ ይደርስ ነበር። መንገዱም ይኸው ነበር፦ በመተግበሪያው ውስጥ የገባ ትንሽ የሌላ ሰው ኮድ። ሙስሊም ፕሮ ውሉን ያቋረጠው ነገሩ ከወጣ በኋላ ነው።

እኛስ ክትትል ምን እንደሆነ ማን ይነግረናል? የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴያችን አባላት በሐምሌ 2004 ታሰሩ፤ በ2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። በሚያዝያ 2006 የዞን 9 ጦማሪያን ሲታሰሩ ራስን ከክትትል ለመጠበቅ መሠልጠናቸው ሳይቀር በክሱ ውስጥ ገብቷል። እነዚህን ያሳሰሩት የሼር ቁልፎች ናቸው አንልም። የምንለው፦ የሰው ስምና ፍላጎት የተከማቸበት መዝገብ በማን እጅ እንደሚወድቅ አይታወቅም። ያልተጻፈ መዝገብ ግን አይሸጥም፣ አይሰረቅም፣ በማስረጃነትም አይቀርብም።

«የምንደብቀው የለንም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ማንበብ ወንጀል ስለሆነ አይደለም የምንጠብቀው፤ አማና ስለሆነ ነው። ሱረቱል ሑጁራት በ12ኛው አንቀጽ የሰውን ነውር መሰለልን ከልክሏል። ራሳችን መሰለል ከተከለከልን፣ ሰላይን ቤታችን ጋብዘን በእንግዶቻችን ላይ ማስቀመጥ እንዴት ይፈቀድልናል?

«የደዕዋችንን ፍሬ በቁጥር ማወቅ አለብን» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ግን በመስጂድ በር የተደረደረውን ጫማ መቁጠር ሌላ፣ የእያንዳንዱን ባለ ጫማ ስምና መንገድ መመዝገብ ሌላ ነው። ሰርቨሩ ራሱ ስንት ገጽ እንደተከፈተ ይመዘግባል። ከዚያ በላይ ከተፈለገ ማቶሞ የተባለ ክፍት ሶፍትዌር በራሳችን ሰርቨር ላይ ይጫናል፤ አንባቢን ለይቶ እንዳያውቅም ይስተካከላል። ለሼር ደግሞ ተራ ሊንክ ይበቃል፤ አንባቢው እስካልነካው ድረስ ለማንም ምንም አይልክም። የማያስፈልገው ኮድ ሲወጣ ገጹ ይቀላል፤ በትንሽ ፓኬጅ የሚያነበው ደረሳም ይተርፈዋል።

ስለዚህ የየመስጂዱ ኮሚቴና የየመድረሳው ኃላፊ ይህን እንዲፈጽም እንጠይቃለን፦

አንደኛ፣ ድረ ገጹን የሚሠራው ወጣት የለጠፋቸውን የውጭ መሣሪያዎች በሙሉ በስማቸው ያሳውቅ። ሁለተኛ፣ መከታተያዎቹ ይነሱ፤ በሊንክና በራሳችን ቆጣሪ ይተኩ። ሦስተኛ፣ የትኛውም አዲስ ነገር ከመለጠፉ በፊት ለጀመዓው ይነገር።

አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች። መብታችንን ከሌሎች የምንጠይቅ ሰዎች የሰጋጆቻችንን መብት መጀመሪያ በራሳችን ደጅ እናክብር። ወጣቶቻችንን አንወቅስም፤ በእውቀታቸው እንመካለን። ነገር ግን በነፃ የተሰጠንን ቤት በራሳችን እጅ ለባዕድ ዘበኛ አናስረክብ!

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን!

አላሁ አክበር!