ስለ ዋግ፣ ያለ ዋግ

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። ነገር ግን ተረቱ ያልመለሰው አንድ ጥያቄ አለ፤ ባለቤቱ የሚጮኽበት አደባባይ ሲነፈግ፣ ጎረቤቱም በእርሱ ፈንታ ጮኾ ጭብጨባውን ሲቀበል ምን ይባላል?

ውድ አንባቢ፣ በአዲስ አበባ አዳራሾች ስለ ድርቅና ስለ ረኃብ በሚደረጉ ውይይቶች ላይ ተቀምጠው ከሆነ የምናገረውን ያውቁታል። መርሐ ግብሩ በጸሎት ይከፈታል፤ ግጥም ይነበባል፤ ጥናት ይቀርባል፤ የሻይ ዕረፍት ይሆናል። ጥናት አቅራቢው ከአዲስ አበባ ነው፤ አወያዩ ከአዲስ አበባ ነው፤ ገጣሚውም ከአዲስ አበባ ነው። ከዋግ ኽምራ የመጣ ነገር ቢኖር በግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሕፃን ፎቶግራፍ ብቻ ነው። እርሱ ደግሞ አይናገርም።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። ኪነ ጥበብን፣ እምነትንና የአደባባይ ውይይትን በአንድ መድረክ እናገናኛለን የሚሉ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይም በቤተ ክርስቲያን ስም የቆሙት፣ ስለ ዋግ መናገር ከፈለጉ መድረካቸውን ይዘው ሰቆጣ ይሂዱ፤ ከሄዱም በኋላ ቃሉን ለባለቤቱ ይስጡ። በመዲናችን የኢትዮጵያ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ አለ። ጥሪዬን ከእርሱ የምጀምረው በጥላቻ አይደለም፤ የካቶሊክ መምህራን በዚህች አገር የአደባባይ ቃል ውስጥ ካላቸው ታሪክ የተነሣ እንጂ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከዋግ ደጃፍ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቤተ መንግሥት የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንና የተዋሕዶ ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ይከራከሩ ነበር። ክርክሩ እስከ ተከራከሩት ድረስ ክርክር ነው። አፄ ሱስንዮስ ክርክሩን በአዋጅ ዘግተው የካቶሊክን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት ባደረጉ ጊዜ ግን ሰይፍ ተመዘዘ። የዋግ ጎረቤት ላስታ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ሸፈተ። በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ድል ቢያደርጉም በሜዳው ላይ የወደቀው የገዛ ሕዝባቸው ነበርና አዋጃቸውን ሽረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ጉባኤ ሲዘጋ ጦር ሜዳ እንደሚከፈት ያ ደጋ ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ ኢየሱሳውያኑ ተመልሰው መጡ፤ በዚህ ጊዜ ካናዳውያን ነበሩ። አፄ ኃይለ ሥላሴ የጠሯቸው የካህን ልብስ ሳይለብሱ፣ ማንንም ሳይሰብኩ እንዲያስተምሩ ነው። በሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ከፈቱ። በስሙ የመንግሥት፣ በአስተዳደሩ የኢየሱሳውያን የሆነው ይህ ተቋም በ1954 ዓ.ም. ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያደገው ነው። በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ግጥም ያነቡ ነበር። ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን ያሰማው በዚያ መድረክ ነው። ግጥሙ እየመረረ ሲሄድ ግን የቤተ መንግሥቱ ጆሮ ጠበበ፤ ቁጥጥርና እገዳ ተከተለ።

ርእሱን ልብ ይበሉ። ደሃው ይናገራል ተባለ እንጂ ስለ ደሃው ይነገራል አልተባለም። ሆኖም በዚያ መድረክ የቆመው ተማሪ እንጂ ደሃው ራሱ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ? ዛሬም ያለነው እዚያው ነን።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ፣ ዋግም ያን ጊዜ የወሎ ጠቅላይ ግዛት አካል ሳለ፣ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በግቢው ለሕዝብ አሳዩ። ያ ኤግዚቢሽን የተደበቀውን ረኃብ አደባባይ ካወጡት ነገሮች አንዱ ነው፤ ላደረጉት ሰዎች ክብር ይገባቸዋል። የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ሕይወት ሊያድን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልሻም። ነገር ግን ያኔ ጀግንነት የነበረው ነገር ከ50 ዓመት በኋላ ልማድ ሆኗል። ያኔ ፎቶግራፉ ዝምታን ሰበረ፤ ዛሬ ፎቶግራፉ ራሱ ዝምታ ሆኗል።

በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ስም ለአንድ ታላቅ ሰነድ ተሰጠ። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ዓላማው እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ማስቆም ነው። መልካም ዓላማ ነው። ግን ስሟን ያዋሰች ከተማ በቃል ኪዳኑ ላይ ምን ትላለች? ቃል ኪዳን የሁለት ወገን ነገር ነው፤ አንዱ ወገን ዝም ካሰኙት ውለታ እንጂ ቃል ኪዳን አይባልም። በሰሜኑ ጦርነት ዘመን ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በሰቆጣ ተጠልለው ሲኖሩ ስለ እነርሱ ብዙ ተባለ። እነርሱ ያሉትን ግን የሚያስታውስ ማን ነው?

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «የተራበ ሰው እህል እንጂ ግጥም አይሻም» ይባላል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ወሎ ረኃብ ያሳየው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ሰው በሚያልቅበት በዚያን ጊዜ ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የሚወጣ እህል ነበር፤ የጎደለው የመግዛት አቅም ነው። ቆየት ብሎም ነጻ ጋዜጣና የሚጠየቅ መንግሥት ባለበት አገር ረኃብ እንደማይጸና ተከራክሯል። እንግዲህ ቃል የእህል ተቀናቃኝ አይደለም፤ እህሉን የሚጠራው እርሱ ነው።

«በኦርቶዶክስ አገር የካቶሊክ መድረክ ጠብ ይጭራል» የሚሉም አሉ። የሱስንዮስን ዘመን ለሚያስታውስ ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ታዲያ መልሱ መቅረት ነውን? ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ በነበሩት ዓመታት የካቶሊክ፣ የኦርቶዶክስና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት እህል ለማድረስ በአንድ ላይ ሠርተዋል። ስንዴ በጋራ ያከፋፈሉ ሰዎች ቃል በጋራ ማከፋፈል ያቅታቸዋልን? እንግዳው በእንግዳ ወግ ይግባ፤ ሳይሰብክ፣ በባለቤቱ ፈቃድ። ባለቤቱ ደግሞ ለጉባኤ እንግዳ አይደለም። በእኛ ቋንቋ ሊቃውንት የሚያስተምሩበት ስፍራ ጉባኤ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ከማንኛውም የዩኒቨርሲቲ መድረክ በፊት አዲስ ሐሳብ አመንጭቶ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት መከራከርን፣ በሰሙ ሥር ወርቁን ማኖርን ተምሯል። ከሰቆጣ አጠገብ የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ድንጋይ የፈለፈለ ሕዝብ ኪነ ጥበብን ከእኛ አይማርም።

«መንገዱ ሩቅ ነው፤ ጸጥታውም አያስተማምንም» ለሚሉት መልሴ ይህ ነው፤ ለተወያይ የማያስተማምን መንገድ ለወላድ እናትም አያስተማምንም። ይህ ራሱ የመጀመሪያው የመወያያ ርእስ ይሁን። መሄድ በማይቻልበት ጊዜም የዋግን ሰው አበል ከፍሎ ማምጣት ይቻላል፤ ለውጭ አገር እንግዳ የሚቻለው ለእርሱ እንዴት ያቅታል?

የምጠይቀው ጥቂት ነው። ርእሱን የሰቆጣ ሰዎች ይምረጡ። ውይይቱ በኽምጣኛም ይሁን፤ ማስተርጐሚያ የሚያስፈልገውም አንድ ጊዜ እንኳ ለእኛ ለአዲስ አበቤዎቹ ይሁን። ገበሬው፣ የቅኔ መምህሩ፣ ተፈናቃይዋ እናት፣ ወጣቱ ገጣሚ መጀመሪያ ይናገሩ፤ ፕሮፌሰሩ መጨረሻ። የተባለው ተጽፎ ለተናገሩት ሰዎች ተመልሶ ይነበብላቸው፤ «አላልሁም» የማለት መብት እንዲኖራቸው።

ይህን ማድረግ የማይችል ዩኒቨርሲቲ ስለ ዋግ ዝም ቢል ይሻለዋል። ቢያንስ ግን ያን የሕፃን ፎቶግራፍ ከግድግዳው ያውርድልን። ሕፃኑ ዛሬ በሕይወት ካለ አድጓል፤ የሚለውም ነገር አለው።