ያልደረሰው በራሪ ጽሑፍ፦ የአብዮቱ የብዕር ጦርነትና ጋምቤላ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 በጋምቤላ የሩቅ ሕግ አይደለም። የምክር ቤት መቀመጫ ሲደለደል፣ የአስተዳደር ወሰን ሲያከራክር፣ የትምህርት ቋንቋ ሲመረጥ መነሣቱ አይቀርም። የአንቀጹ ሐሳብ ግን በሕግ አርቃቂዎች ጉባኤ የተፀነሰ አልነበረም። ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት በስቴንስል ተጽፈው፣ በማባዣ ማሽን ተባዝተው፣ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፉ በነበሩ ወረቀቶች ላይ ሲብላላ የኖረ ነው። ስለ እነዚያ ወረቀቶች ጸሐፊዎች ብዙ ተብሏል። ለማን እንደ ተጻፉ ግን እምብዛም አይጠየቅም፤ ከባሮ ዳር ሆኖ ለሚመለከት ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው አጭር ጽሑፍ “ስትራግል” በተባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ወጣ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። በስም እየጠራ ከዘረዘራቸው ብሔሮች መካከል አኙዋም ሆነ ኑዌር አይገኝም። በሰሜን አሜሪካ የነበረው የተማሪዎች ማኅበር መሪዎች “ቻሌንጅ” በተባለው ልሳናቸው የተለየ አቋም ያዙ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ጥላሁን ታከለ በሚል የብዕር ስም የወጣ ጽሑፍ የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት እስከ መገንጠል ይደርሳል ሲል እነርሱን አጥብቆ ተቸ። ይህም በእንግሊዝኛ ነበር። ስለ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ቋንቋ መብት የተካሄደው ትልቁ ሙግት ከእነዚያ ቋንቋዎች በአንዱም አልተጻፈም ማለት ነው። ነገሩ ዛሬ ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ በጊዜው ግን ማንም ልብ ያለው አይመስልም።

አብዮቱ ሲፈነዳ ክርክሩ ወደ አማርኛ ዞረ። በ1966 ዓ.ም. ክረምት “ዴሞክራሲያ” እና “የሰፊው ሕዝብ ድምፅ” ተከታትለው ወጡ። የመጀመሪያው ኋላ ኢሕአፓ፣ ሁለተኛው መኢሶን ተብለው በይፋ የታወቁት ድርጅቶች ልሳን ነበሩ። ዴሞክራሲያ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት በአስቸኳይ ይቋቋም አለ፤ የሰፊው ሕዝብ ድምፅ ለደርጉ እርምጃዎች ሂሳዊ ድጋፍ መስጠትን መረጠ። በ1968 ዓ.ም. ክርክሩ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ገጾች ላይ ሳይቀር ተካሄደ። በዚያ አጭር ወቅት ጸሐፊዎቹ ገና ይመላለሱ ነበር፤ የተቃዋሚውን ሐሳብ ጠቅሰው፣ ነጥቡን አንሥተው ይሞግቱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የመልሱን ቦታ ስያሜ ወሰደው። አንዱ ሌላውን “ባንዳ” ሲል፣ ያኛው “አናርኪስት” ሲል፣ የሚመለስለት ነጥብ ጠፋ። በመስከረም 1969 ዓ.ም. የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ፤ በመጋቢት ወር በአዲስ አበባ በተካሄደው የቤት ለቤት አሰሳ ከጦር መሣሪያ ጋር የጽሕፈት መኪናና የማባዣ ማሽን ይፈለግ ነበር። ወረቀቱ ሰውን ገደለ የሚለው የተለመደ ፍርድ ስለዚህ ሊመረመር ይገባዋል። ወረቀቶቹ መውጣታቸውን አላቆሙም ነበር፤ ያቆሙት መመላለስን ነው።

ለንጽጽር የእንግሊዝ የርስ በርስ ጦርነት ዘመን የተሻለ ምሳሌ የለም። እ.ኤ.አ. በ1641 የንጉሡ ልዩ ችሎት ሲፈርስ የሕትመት ቁጥጥሩ ላላ፤ ስለ ንጉሥ፣ ስለ ጳጳሳትና ስለ ጥምቀት የሚሟገቱ በራሪ መጻሕፍት ለንደንን አጥለቀለቋት። ጆርጅ ቶማሰን የተባለ የለንደን መጽሐፍ ሻጭ ከ1640 እስከ 1661 ድረስ የሁሉንም ወገን ጽሑፍ ሳይመርጥ ሰበሰበ፤ በብዙዎቹም ላይ ያገኘበትን ቀን ጻፈ። ከ22,000 በላይ የሆነው ስብስቡ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው በ1647 የሆነው ነው። በፓትኒ ቤተ ክርስቲያን ተራ ወታደሮችን የወከሉ ሰዎች የመምረጥ መብትን የሚጠይቅ ጽሑፍ ይዘው ከክሮምዌል ጋር ፊት ለፊት ተከራከሩ። የተጻፈላቸው ሰዎች መልስ ሰጡ ማለት ነው።

በኢትዮጵያም አብዛኛው ሕዝብ ማንበብ የማይችል ስለነበር ጋምቤላን ነጥሎ ማንሣት ተገቢ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ማንበብ አለመቻል ግን ጽሑፍን አያግድም፤ በለንደንም ብዙው ሰው የሚሰማው ሲነበብለት ነበር። ጎጃም ውስጥ አንድ ተማሪ ዴሞክራሲያን አውጥቶ ለአባቱ ሊያነብ ይችላል፤ አባትየው ነገሩ ባይጥመው እንኳ በራሱ ቋንቋ ይቃወማል። በባሮና በጊሎ ወንዞች ዳር አማርኛ ለማይሰማ ሽማግሌ ግን ያው ወረቀት ተነቦም ዝም ያለ ወረቀት ነው። በመካከል አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ የአስተርጓሚው ታሪክ ደግሞ እስካሁን አልተጻፈም።

ከክርክሩ ወደ ጋምቤላ የደረሰው ምንድን ነው? በዚያን ጊዜ በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሥር ለነበረው ለዚህ አካባቢ አብዮቱ የመጣው በአዋጅና በመመሪያ ነው። የአኙዋ መሳፍንትና የመንደር አለቆች ሥልጣን ተሻረ፤ ለጥሎሽ ይሰጥ የነበረው ዲሙይ የተባለው ሰማያዊ ዶቃ ኋላ ቀር ተብሎ ተከለከለ። ዲሙይ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ፣ ቤተሰብን ከቤተሰብ የሚያስተሳስር ሀብት ነበር። ስለ ብሔረሰቦች ባህል መከበር ከተጻፈው ሁሉ ውስጥ ዲሙይ ይቅር ወይስ ይኑር ብሎ ባለቤቱን የጠየቀ ወረቀት ይኖር ይሆን? መጽሔት ላይ መብት ተብሎ የተጻፈው ጉዳይ ባሮ ዳር ሲደርስ ትእዛዝ ሆኖ ነበር።

የቋንቋውም ነገር እንዲሁ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር አኙዋና ኑዌር ከዝርዝሩ አልገቡም። እነዚህ ቋንቋዎች ያልተጻፉ ስለነበሩ ነው እንዳይባል፣ ኑዌር እ.ኤ.አ. በ1928 በሱዳን ረጃፍ ከተካሄደው የቋንቋ ጉባኤ ጀምሮ በላቲን ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ሚስዮናውያንም በሁለቱም ቋንቋዎች የሃይማኖት ጽሑፍ አሳትመዋል። በሌላ አነጋገር፣ የሃይማኖት ሰባኪው ለማን እንደሚናገር ያውቅ ነበር፤ የአብዮት ሰባኪው ግን አላወቀም። ይህን ማለት ለሚስዮኑ ምስጋና፣ ለአብዮተኛው ውግዘት አይደለም። ብዙዎቹ አብዮተኞች ሃያዎቹን ዓመታት ሳያጋምሱ ሞተዋል።

ዛሬ የሁለቱም ወገን ተሳታፊዎች ታሪካቸውን ጽፈዋል፤ የክፍሉ ታደሰ “ያ ትውልድ” እና የአንዳርጋቸው አሰግድ “በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ” የታወቁ ናቸው። ወረቀቶቹን ይዞ መገኘት ያስገድል ስለነበር ብዙዎቹ ተቃጥለዋል፤ አፈር ውስጥ የተቀበሩትንም ምስጥ በልቷቸዋል። የቀሩትን ለማየት የጋምቤላ ተመራማሪ ስድስት ኪሎ ድረስ መሄድ አለበት። በጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ግን በስድስት ኪሎ የማይገኝ ምንጭ በቅርቡ አለው፤ በ1967 ዓ.ም. ሃያ ዓመት ገደማ የነበሩና ለካድሬ ያስተረጎሙ ሰዎች። እነርሱም ሰባ ዓመት አካባቢ ደርሰዋልና ቀጠሮው ለከርሞ የሚተላለፍ አይደለም። መቅረጸ ድምፅ ይዞ የሚሄደው ተማሪ መጀመሪያ ሊጠይቃቸው የሚገባው ረጅም አይደለም፦ “ጭቆና” የሚለውን ቃል በአኙዋ ቋንቋ ምን አሉት? “ብሔረሰብ” ሲባልስ በኑዌር ምን ብለው አስተረጎሙት? ሲሰሙ የነበሩት ሽማግሌዎችስ ምን መለሱ?