ጊዜ የገዛ ድል

ሪች ቢም በ1990ዎቹ አጋማሽ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ሲያትል ከተማ ውስጥ በሰዓት 7 ዶላር እየተከፈለው የመኪና ቴፕና የሞባይል ስልክ ይሸጥ ነበር። ጎልፍን እርግፍ አድርጎ ትቶት ነበር። በ1996 የኤል ፓሶው ጓደኛው ፖል ስታንኮውስኪ በትልቁ የአሜሪካ ተከታታይ የጎልፍ ውድድር በፒጂኤ ቱር ሲያሸንፍ ግን ልቡ ተመለሰ። ኤል ፓሶ ሄዶ በአንድ ክለብ በረዳትነት ተቀጠረ፤ በ1998 መጨረሻ ወደ ቱሩ የሚያስገባውን ማጣሪያ አለፈ፤ በ1999 ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ኬምፐር ኦፕንን ወሰደ። በነሐሴ 2002 ደግሞ ሄዝልቲን በተባለው ሜዳ ላይ ታይገር ውድስን በአንድ ምት ቀድሞ የፒጂኤ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ወዲህ በቱሩ አላሸነፈም።

ይህን ታሪክ ብዙዎች የዕድል ታሪክ ያደርጉታል። እኔ አልስማማም። ጎልፍ ለተራ ባለሙያዎቹ የሚያከፋፍለው ትልቁ ሀብት ከገንዘብ ይልቅ ጊዜ ነው፤ የቢም ድልም የሚገባን በዚህ ሚዛን ስናየው ነው።

አሠራሩን እንመልከት። በተለመደው ውድድር ሐሙስ ዕለት ከመቶ በላይ ሰው ይጀምራል። ዓርብ ማታ የፊተኞቹ 65 ገደማ ይቀራሉ፤ የቀሩት ይሰናበታሉ። ቢም በጀመረበት ዘመን የተሰናበተ ሰው አንድ ሳንቲም አያገኝም ነበር። ተጫዋቹ ተቀጣሪ አይደለም፤ የአውሮፕላኑን፣ የሆቴሉንና ዱላ ተሸክሞለት የሚዞረውን የካዲውን ሒሳብ ራሱ ይከፍላል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የዓመቱ መጨረሻ ነው። ለረጅም ጊዜ በደረጃ ሰንጠረዡ ከ125ኛ በታች የወደቀ ሙሉ የመጫወት መብቱን ያጣ ነበር፤ ወደ ማጣሪያ ይመለስ ነበር። ስለዚህ በሰንጠረዡ የታችኛው ጫፍ ላይ ያለ ሰው የታመመ የእጅ አንጓውን አስሮ ይጫወታል፤ ማረፍ ሲገባው ይጓዛል፤ ደፍሮ መምታት ባለበት ጉድጓድ ላይ ይጠነቀቃል። ሁለት መጥፎ ወር ለታዋቂው ተጫዋች ሁለት መጥፎ ወር ብቻ ነው። በታችኛው ጫፍ ላለው ግን የሥራ መጨረሻ ሊሆን ይችላል።

ቀድሞ ደግሞ የባሰ ነበር። እስከ 1982 ድረስ ሙሉ መብት የነበራቸው በዋናነት በገቢ የመጀመሪያዎቹ 60 ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ አብዛኞቹ ሰኞ ሰኞ ለሳምንቱ ቦታ ይፋለሙ ነበር። ይህን ለመለወጥ ከሁሉ በላይ የደከመው ተጫዋቹ ጋሪ ማኮርድ በዚህ ቱር አንድም ጊዜ አሸንፎ አያውቅም። በ1983 ቁጥሩ ወደ 125 ከፍ ሲል ለስልሳ አምስት ሰዎች የአንድ ዓመት እፎይታ ተገኘ። በእኔ ግምት ይህ ሥራው ከብዙ ዋንጫ ይበልጣል።

አሁን ወደ ሄዝልቲን እንመለስ። ቢም ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ኮሎራዶ ውስጥ ዘ ኢንተርናሽናል የተባለውን ውድድር በአንድ ነጥብ ብልጫ አሸንፎ ነበር። አሸናፊ ለሁለት ዓመት መብቱ ይጠበቅለታልና፣ ወደ ሻምፒዮናው የደረሰው የሚያሰጋው ነገር ሳይኖር ነው። በመጨረሻው ቀን ጀስቲን ሌናርድን በሦስት ምት እየተከተለ ተነሣ። በአምስት ምት ይጠናቀቃል ተብሎ በሚታሰበው 11ኛው ጉድጓድ ላይ ሳይፈራ ግሪኑን (ጉድጓዱ ያለበትን ሣር) አልሞ መታ፤ በሦስት ጨረሰው። ውድስ የመጨረሻዎቹን አራት ጉድጓዶች በተከታታይ አንድ አንድ ምት እያተረፈ ቢያሳድደውም፣ ቢም 16ኛው ላይ ከሩቅ ያገባት ኳስ ለመጨረሻው ጉድጓድ ስንቅ ሆነችው፤ እዚያ አንድ ምት ቢያባክንም አሸነፈ። ያ ድፍረት ከሰማይ አልወረደም፤ ለሥራው ሳይሰጋ መምታት የቻለ ሰው ድፍረት ነው።

ሽልማቱ 990,000 ዶላር ነበር። ከዚህ የሚልቀው ግን የአምስት ዓመቱ የመጫወት መብት ነው። በእነዚያ ዓመታት አለማሸነፉን እንደ ውድቀት የሚቆጥሩ አሉ። በየሳምንቱ ከመቶ በላይ ሰው አንዱ ብቻ በሚያሸንፍበት ሥራ ይህ መለኪያ አብዛኛውን ባለሙያ የወደቀ ያደርገዋል፤ ሦስት ጊዜ ላሸነፈው ለቢም ደግሞ በደል ነው።

በ2022 ቱሩ ሙሉ መብት ላላቸውና ቢያንስ 15 ውድድር ለሚጫወቱ በዓመት ከ500,000 ዶላር የማያንስ ገቢ ማረጋገጡ ተገቢ ነበር፤ በእጅጉ ዘገየ እንጂ። ከ2026 ጀምሮ ግን ሙሉ መብት የሚያስገኘው የሰንጠረዥ ደረጃ ከ125 ወደ 100 ዝቅ ብሏል። ዋስትናው ለጥቂቶች ሲጠናከር በሩ ለብዙዎች ጠቧል። የቱሩ መሪዎች ገንዘቡን ማሳደጋቸው መልካም ነው፤ ያን 25 ቦታ ግን መመለስ አለባቸው።